ለያፌት የተገዛው ማዘርቦርድ

ሴትየዋ ኮምፒውተር መሸጫው በር ላይ ደጋግማ አማትባ ገባች። «ልጄ ያፌት ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሊያስሮጠው ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ማዘርቦርድና ሜሞሪ ግዢልኝ ብሎኛል» አለችው ሻጩን።

ሻጩ የፈራችው ዕቃውን ስለማታውቀው መሰለው። «አይዞዎት እናቴ፣ እኔ እያለሁ ማን ያታልልዎታል?» ብሎ ሁለት ማዘርቦርድ አወጣላት። «ይሄኛው የፈለገውን ያህል ቢያስሮጠው ይችላል። ከዚህ ሜሞሪ ጋር ሲገናኝማ እሳት የላሰ ነው!»

እሳት ሲል ክው አለች። በልቧ እመብርሃንን ጠርታ ሁለተኛውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሄስ?»

«እሱ ፍጥነት መጨመር የሚባል ነገር አይፈቅድም። በፋብሪካው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አብሮት የሚሄደው ሜሞሪም ቀርፋፋ ነው። ይቅርብዎት።»

«እሱን ጠቅልልልኝ።»

«እንዴ! ልጅዎ ይቆጣዎታል እኮ!»

«ይቆጣኝ» አለች ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች። «ለታላቅ ወንድሙ ያንን ፍጥነት የሚችለውን ማዘርቦርድ ስገዛለት አቅፎ ስሞኝ ነበር። ማሽኑ ሲግል አድሮ ክፍሉ ሲቃጠል፣ ያወጡልኝ ሬሳውን ነው።»