ሐር የለበሰችው እረኛ

አስማማው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የጓደኛው የዘርይሁን ሶፋ ላይ ወጥቶ ሥዕሉን ከግድግዳው ማውረድ ጀመረ።

«ምን ነካህ ሰውዬ!» አለ ዘርይሁን፣ በፒጃማው እንደቆመ እየሳቀ። «ትናንት እኮ ነው የሰቀልነው!»

ቅዳሜ በማለዳ የቶርንክሊፍ ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ሳሎኑን ሞልቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን በር ሲንኳኳ ይገባው ነበር። እሱን ግን ደስታ አደንቁሮታል።

ሥዕሉ የድሮ ፈረንሳዮች ገጠር ነው፤ ዳንፎርዝ አካባቢ፣ ፈረንጆቹ አሮጌ ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ከሚሸጡበት ጋራዥ ሴል ያገኘው። እረኛዋ ሐር ለብሳ፣ ባለተረከዝ ጫማ ተጫምታ በግ ትጠብቃለች። የበጓ አንገት ላይ ሮዝ ሪባን ታስሯል። ጎረምሳው ዋሽንቱን ይዞ እግሯ ሥር ተጋድሟል። ጭቃ የለ፣ ዝንብ የለ፣ የበግ በጠጥ የለ።

«እማዬ ትሳቅበት ብዬ ነው የገዛሁት። የከብት ጭራ ስትከተል ያደገች ሴት! የቪዛዋ ጉዳይ አልቆ እዚህ ቁጭ ብላ ይችን ጉደኛ እረኛ ስታይ አይታይህም?»

ማንም አልሳቀም። አስማማው ሥዕሉን አቅፎ ወረደ፤ ቀና ብሎ አላየውም። ዘርይሁን በሩ አጠገብ የቆሙትን ሴቶች ጥቁር ነጠላ ያየው ያኔ ነው።

«ዘርይሁን ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።

አልተቀመጠም። ወደ ሚስቱ ዞረ። ስመኝ ጥቁር ለብሳለች። አሁን አብራው ከአልጋ የተነሳችው ሴት መቼ ለበሰችው?

«መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ሆናቸው።»

«የእማዬ ስልክ ተበላሽቷል ያልሽኝ…»

«ሥራ ላይ እያለ አይነገረውም፣ ሎንግ ዊኬንዱ፣ የሦስት ቀን ዕረፍቱ ይድረስ አሉኝ እነ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ። ምን ላድርግ ዘሩ?»

ሴቶቹ ዋይታውን ለቀቁት። እሱ ግን እንባው አልመጣም፤ በንዴትና በእፍረት አንድ በአንድ አያቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በሚሠራበት የሬክስዴል ፋብሪካ፣ እናቴ ልትመጣ ነው እያለ ሲፈነድቅ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውታል። «እንኳን ደስ ያለህ» ያሉትም አሉ።

አስማማው ሥዕሉን ከበሩ ኋላ ፊቱን አዙሮ አስደገፈው። ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ነው። ትናንት ዘርይሁን መዶሻውን ይዞ «የት ጋ ልምታው?» ሲላት፣ ስመኝ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ ለክታለት ነበር።

«ዝቅ አድርገው» ነበር ያለችው። «ዓይናቸው ደክሟል፤ እንዲታያቸው።»