ከባስራ የመጣ የለም

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፑዲንግ የሚሉትን የገና ኬክ ሊጥ እያማሰለች ከጋዜጣ የቆረጠችውን የመሥሪያውን ዝርዝር ለባሏ አነበበችለት። «ዘቢቡ ከአውስትራሊያ፣ ቀረፋው ከሴሎን፣ ቅርንፉዱ ከዛንዚባር። ሁሉም ከገዛ ግዛታችን!»

«ለመሆኑ ሴሎን በየት በኩል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! የኛ መሆኑን ነው የማውቀው።»

ባልየው እየሳቀ ተነሣ። በልማዳቸው የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራው ፑዲንጉን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እያማሰለ አንድ ነገር ይመኛል። ማማሰያውን ተቀብሏት አንዴ አዞረና ቆመ።

«ከባስራስ ምን መጣ?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየችው። ባስራ በየት በኩል እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ዊልፍሬድ የተቀበረው እዚያ ነው።

«ምንም» አለች። ማማሰያውን ከእጁ ወስዳ የልጇን ተራ አማሰለችለት።