ፈቃድ የማይጠየቅበት ጥግ

መጽሐፎቹን እስከ አገጬ ታቅፌ በሩን በእግሬ ገፋሁት። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። አቧራ የለበሱ ጥቁር የጎማ ጫማዎች፣ ተረከዝና ተረከዛቸው ገጥሞ፣ ጥጉ ላይ ከተነጠፈው ሰሌን ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ልክ ተማሪዎቼን እንዳስተማርኳቸው። አንዱ ልጅ ተናድዶ በራሱ ወደ ንዴት ማብረጃው ጥግ ሄዷል ብዬ ደስ አለኝ።

ቀና ስል ግን እየሩሳሌም ሰሌኑ ላይ ተንበርክካለች። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታለች። ሌሎቹ ልጆች ከየመቀመጫቸው ያዩኛል። ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ የሺዋስ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ከመጋዘን መጽሐፍ ተረክቤ እስክመለስ ክፍሉን እንዲጠብቁልኝ የለመንኳቸው እኔው ነኝ።

«ጥጉን ተጠቀምንበት» አሉኝ ኮራ ብለው። «አራት ደቂቃ ይቀራታል።»

ምን አጥፍታ ነው ብላቸው፣ ያለ ፈቃድ ከመቀመጫዋ ተነስታ አሉኝ። እሳቸው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ብድግ ብላ ክፍሉን አቋርጣ ሄደች። ወዴት ሄደች ስላቸው በአገጫቸው ሰሌኑን አሳዩኝ።

መጽሐፎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጣልኳቸው ቢባል ይሻላል፤ አንዱ ተንሸራቶ ሰሌኑ መሃል ድረስ ሄደ።

እኔ ራሴ ግልፍተኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ልጆች ንዴታቸውን እንዲገሩ የማስተማር ሥልጠና ለሦስት ቀን ስላክ ባለቤቴ አምባው ሆዱን ይዞ ስቆ «በአንቺ ይጀመርልን» ብሎኛል። እኔ ግን ከሥልጠናው መልስ ያንን ሰሌን ከቱሉ ዲምቱ ድረስ በሚኒባስ ተሸክሜ አመጣሁ፤ ረዳቱ መንገዱን በሙሉ ሲነጫነጭብኝ። ግድግዳው ላይ ትልቅ እጅ ሣልኩ። ልጁ በጣቱ የተሣለውን ጣት ይከተላል፤ ሲወጣ አየር ይስባል፣ ሲወርድ ያወጣል። ከእጁ ሥር በቀይ ቀለም «የተናደደ ሰው ወደዚህ ለመምጣት ፈቃድ አይጠይቅም» ብዬ ጻፍኩ። ንዴት «ቲቸር፣ ልሂድ?» እስኪባል አይጠብቅማ።

እየሩሳሌም መስከረም ላይ አብሯት የሚማረውን የአቢን ክንድ ነክሳ የጥርሷ ምልክት ለሳምንት አልጠፋም ነበር። አባቷ ቂሊንጦ ታስሯል። አቢ ይህን ያውቃል፣ ሲያሻው ይነካካታል። አራት ወር ሙሉ፣ በተናደደች ቁጥር እጇን ይዤ ሰሌኑ ላይ አስቀምጫት፣ ጣቷን በጣቴ እየመራሁ አብሬያት ተንፍሻለሁ። በራሷ ሄዳ ግን አታውቅም ነበር። ዛሬ ሄደች።

«ተነሺ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

አልተነሳችም። ዞር ብላ አቶ የሺዋስን አየች። ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

ትጨርስ አሉ እሳቸው። ቅጣት መሃል መግባት ልጅ ያበላሻል፣ ሥልጠናውም ቢሆን የሚለው ራስን ስለመግዛት ነው፣ እሳቸውም ሰነዱን አንብበውታል።

«ራሷንማ ገዛች፣ አቶ የሺዋስ። የቀጧት ራሷን ስለገዛች ነው።»

ግድግዳውን በጣቴ አሳየኋቸው። አነበቡት። ለተማሪ የተጻፈ ነገር መምህርን አያዝዝም አሉኝ። ቀጥለውም፣ ልጆች ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ጥሩ እንደማይሆን አስታወሱኝና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ጨመሩበት።

«እስቲ ይረጋጉ፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ። ይተንፍሱ።»

አልተነፈስኩም። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ የእየሩሳሌምን እጆች አንድ በአንድ አወረድኳቸው። እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። ደግፌ ሳስነሳት ጉልበቷ ላይ የሰሌኑ ሽመና ታትሞ አየሁ። በገዛ እጄ ያመጣሁት ሰሌን ነው። ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው አልኳት።

«አቢ አባትሽ ሌባ ነው አለኝ። እጄ ሊመታው ሲል ወደዚህ መጣሁ።»

ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ሁሉም ሰማት። ማንም አልሳቀም። አቢ አንገቱን ደፋ። እሱን የጠየቀው የለም፤ ከመቀመጫው አልተነሳማ።

እየሩሳሌም ጉልበቷን እያሸች ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ብመታው ይሻል ነበር?»

ለነገር አልነበረም። እምቢ ያላትን የሂሳብ ጥያቄ እንደምትጠይቀኝ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔም ወደ አቶ የሺዋስ ዞርኩ።

«ይመልሱላት» አልኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩ። ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሱ፤ በዚያው የምዘናውን ነገር ቢሮ እንደምንነጋገርበት ነግረውኝ ወጡ። መንገዱ ላይ የሚያልፍ ከባድ መኪና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እስኪያልፍ ጠብቄ፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰውዬም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አይሻልም። አንቺ ያደረግሽው ልክ ነው። ያጠፉት አንቺን ያንበረከኩሽ ሰው ናቸው።»

እሺ አለች፤ ልጅ ነገሩ ሳይዋጥለት እሺ እንደሚለው። ከሰሌኑ ወርዳ ጫማዋን አደረገች። አቢን ደወል ሲደወል እንዳይወጣ ነገርኩት። ከዚያ እጄ ሥራ እንዲያገኝ የወደቁትን መጽሐፎች መልቀም ጀመርኩ። እየሩሳሌምም ሳልጠራት መጥታ አብራኝ ለቀመች፤ አቧራቸውን በቀሚሷ እየጠረገች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው።

አንዱ ቀረ፣ ሰሌኑ መሃል ያረፈው። አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ ማስመሪያዋን አመጣች፣ ሲሚንቶው ላይ በደረቷ ተኛች፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋች፣ መጽሐፉንም በማስመሪያው ጫፍ ቀስ እያለች ወደ ራሷ ሳበችው፤ ጣቷ ሰሌኑን እንዳይነካው እየተጠነቀቀች።