ጉግሳ ጆሮውን ሲከድን

«አልተቆጣሁም!» ይላል ጉግሳ፤ ድምፁ የጣራውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል።

ሚስቱ ተሻለች በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ጭኗ ላይ ይዛለች። የከሰዓቱ ባቡር ሲመጣ ልጆቿን ይዛ አዋሽ፣ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ከመሄዷ በፊት እንድሸመግላቸው ተጠርቼ መሃላቸው ተቀምጫለሁ።

«ይስሙት፣ ጋሼ ገብረ መድኅን» ትለኛለች። «አልተቆጣሁም ሲል እንዲህ ነው። ጨው አቀብይኝ ሲልም እንዲህ ነው። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ።»

«እኔ መቼ ጮኽኩ?»

መልሱ የሚመጣው ከአጥሩ ማዶ፣ ልጆቹን ከያዘችልን ከሱማሌዋ ጎረቤታችን ከኹርሲ ነው። «ዋርያ ጉግሳ! እስከ መልካ ጀብዱ ድረስ ተሰምተሃል፣ የሐርላ ሰው ብቻ ቀረ!»

የተሻለች ከንፈር በፈገግታ ሊፈታ ይልና ይመለሳል።

እኔ መናገር ብዙም አይሆንልኝም። ፈጣሪዬን በልቤ ቃል ስጠኝ እያልኩ ሁለቱን አያቸዋለሁ። ጉግሳ እሷ ስትናገር ዓይኗን አያይም፤ የሚያየው ከንፈሯን ነው። ውኃ ልቀዳ የተነሣሁ መስዬ ከኋላው እቆማለሁ።

«ጉግሳ» እለዋለሁ በቀስታ።

አንድ እርምጃ እጠጋዋለሁ።

«አንተ ጉግሳ።»

ተሻለች ቀና ብላ ታየኛለች። እሱ አልዞረም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባቡር መጠገኛው ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ተሻለች እጇን አፏ ላይ ትጭናለች።

ተመልሼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። «ጉግሳ፣ ጆሮህን በመዳፍህ ክደን። የዜማ ተማሪዎች የገዛ ድምፃቸውን ለመስማት እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ከዚያ ልትላት የምትፈልገውን በላት።»

«ልጅ አደረጉኝ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ስለ እኔ ስትል።»

ጥላሸት የጠገቡ መዳፎቹ ጆሮውን ይከድናሉ። «ተሻለች!» ብሎ ይጮህና ራሱ ይደነግጣል። «ይሄ… የእኔ ነው?»

ቀጥሎ ሲናገር ሌላ ሰው ቤቱ የገባ ይመስላል።

«ተሻልዬ… ቤት ስገባ ድምፅሽ አይሰማኝም። ሳቅሽም ጠፋብኝ። ጠልታኝ ነው የዘጋችኝ ብዬ ነበር።»

ከአጥሩ ማዶ ኹርሲን አላስችላት ይላል። «ዋርያ! ሰውዬው ዝም አለ እኮ! ምን አደረጋችሁት?»

በጣቢያው በኩል ባቡሩ ይጮኻል፤ ረጅም ጩኸት። ተሻለችን አያለሁ። ጉግሳ ጆሮውን እንደ ከደነ ነው፤ አልሰማም፤ በዚያ በአዲሱ ድምፁ፣ ቃል እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ ማውራቱን ቀጥሏል።

እሷ ቋጠሮውን መሬት ላይ ታኖርና በርጩማዋን ወደ እሱ ትስባለች።