ግንዱ እስኪቆረጥ

ዛፉ የወደቀው መጋዙ ላይ ነው።

ጡረታ የወጡት አናጢ ግቢያቸው ውስጥ የደረቀውን ትልቅ ዛፍ በሞተር መጋዛቸው ሲቆርጡ፣ ግንዱ ወዳልታሰበበት ዞረ። እሳቸው ዘለው አመለጡ፤ መጋዙ ከሥር ቀረ። ተጎትቶ ሲወጣ እጀታው ተሰብሯል፣ የቤንዚን ታንከሩ ተሰንጥቋል፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረትም ጎብጧል። ግንዱ ግን ምንም ሳይሆን ግቢው መሀል ተንጋሎ ቀረ።

ነገሩ የመጋዝ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አናጢው ከሰው ርቀው፣ ምግብ እየረሱ፣ ሬድዮ እንኳን ሳይከፍቱ ነበር የሚውሉት። ሴት ልጃቸው «እኔ ጋ ግባ» ብላ ስትወተውታቸው ከርማለች። በመጨረሻ፣ ዛፉ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እሺ አሉ።

«ዛፉን ቆርጬ ግቢውን ላጽዳ። በማግሥቱ ቤቱን ሽጡት፤ እመጣለሁ።»

አናጢው ደግሞ አንዴ ቃል ከወጣቸው ሰማይ ቢደፋ አያጥፉም። ታላቅ ወንድሟ ወዲያው ገዢ ፈለገ፤ አገኘም። የቀረው መጋዙ ብቻ ሆነ።

«በኪራይ መጋዝ አስቆርጠው» ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። «በራሴ መጋዝ የጀመርኩትን በሰው መጋዝ አልጨርስም!»

መጋዙ ዕድሜ የጠገበ ስለሆነ መለዋወጫው ገበያ ላይ የለም። ልጅቷ የተሰባበረውን ፎቶ አንስታ የሞተር መጋዝ ወዳጆች የሚያወጉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። እንዲህ ያለ ግሩፕ መኖሩ ራሱ ይገርማል።

ቅዳሜ ዕለት ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች በሩን አንኳኩ። የአውቶቡስ ሾፌሩ እጀታ ይዞ መጣ። ነርሷ ታንከር አመጣች፤ ቤቷ ውስጥ አራት መጋዝ አላት፣ ባል ግን የላትም። «መጋዝ አያኮርፍም» ትላለች። ሦስተኛው ብረቱን ተሸክሞ የመጣው ሙጫ ነው። ሙጫ የተባለው አንዴ ከተቀመጠ ስለማይነሳ ነው።

ካርቦራተሩ ተፈቶ ታጠበ። ልጅቷ ሻይ አቀረበችና ጎንበስ ብላ አየች።

«ያችን ቀይ ነገር ላቀብላችሁ?»

ሁሉም ሳቁ። ቀይ እጀታ ያላት ትንሽ ካቻቪቴ ናት።

«ቀይ ነገር!» አሉ አናጢው። «በልጅነቷ እኮ የሷ መጫወቻ ነበረች። ቁመቷ ጠረጴዛ ሳይደርስ ካርቦራተር ፈትታ ትገጥም ነበር። ቢሮ ገባችና ሁሉም ጠፋባት!»

አመሻሹ ላይ መጋዙ ጮኸ። ነርሷ ጆሮዋን አስጠግታ «ልቡ ደህና ነው፤ ከአልጋ መውረድ ይችላል» አለች። አናጢው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጅቷ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባቷ ሲስቁ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

«በሉ፣ ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን» ተባለ። እንግዶቹ ሄዱ፤ ልጅቷም መሽቶባት እዚያው አደረች።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ተሰበሰቡ፤ መጋዙ ግን አልነሳም አለ። ገመዱ ቢጎተት ቢጎተት ወይ ፍንክች። ሞተሩን የሚለኩሰው ካንዴላ ዘይት በዘይት ሆኗል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሠራ፤ እሑድ የቤንዚን ቱቦው ላልቶ ተገኘ። እንደገና ተሠራ፤ እንደገና እሑድ ሆነ። አሁን ደግሞ የአየር ማጣሪያው ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ተወትፏል።

ካንዴላ በራሱ ሊበላሽ ይችላል። ጨርቅ ግን እግር የለውም።

ሾፌሩ ነርሷን ጠቀሳት። ከኪሱ ጨርቅ የማይለየው ሙጫ ነው። ቀይዋ ካቻቪቴም ከጠፋች ሰንብታለች፤ የተዋሰውን መመለስ የማያውቀውም ሙጫ ነው። በዚያ ላይ «ጋሼ ከሄዱ እኔ ቅዳሜን ምን ላደርገው ነው?» እያለ የሚያለቃቅሰው ሌላ ሰው አይደለም።

ልጅቷ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አባዬ፣ መሄድ ካልፈለግህ አሁኑኑ ንገረኝ። ወንድሜ ገዢ ይዞ እየጠበቀ ነው!»

አናጢው በር ሥር ወዳስቀመጡት ሻንጣ አዩ፤ ከዚያም ግንዱ ላይ ተደርድረው ወደተቀመጡት ወዳጆቻቸው።

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «መጋዙ ይነሳ እንጂ እኔ ተዘጋጅቻለሁ።» ከፍቷቸዋል፤ ይህን ግን አልተናገሩም።

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ሾፌሩ ሙጫን ወደ ጥግ ወሰደው።

«እውነቱን ተናገር፤ አንተ ነህ አይደል?»

«እናቴ ትሙት፣ አይደለሁም! ግን ያደረገውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመዋለሁ።»

ሾፌሩ አላመነውም፤ ቦርሳውን ገለበጠበት። የጨርቅ መዓት ወጣ፤ የሾፌሩ መፍቻ ወጣ፤ የነርሷም ፒንሳ ተከተለ።

«ይኸው ሌባችን ተያዘ!» አለች ነርሷ።

«መልሼ ልሰጣችሁ ነበር እኮ!» አለ ሙጫ ላብ እያጠመቀው።

አናጢው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ተዉት፣ ተዉት። ያለ እሱ ሥራው አይደምቅም። ቅዳሜ እንደገና እንሞክራለን።»

ልጅቷ አባቷን ስማ ተሰናበተች። መኪናዋን ሳታስነሳ ወንድሟ ደወለ።

«ዛሬስ ተቆረጠ?»

«የት ተቆርጦ! ያ ሙጫ የሚሉት ሰውዬ ነው መሰለኝ የሚያበላሽብን።»

«ገዢው ሰለቸው እኮ፤ ሌላ ቤት ገዛ።»

«አይ ዕድላችን!» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከግቢው ውስጥ የአባቷ ሳቅ ይሰማል።

ከቦርሳዋ ቀይ እጀታ ያላትን ካቻቪቴ አወጣች፤ የነካትን ቤንዚን በጨርቅ ጠርጋ፣ ለቅዳሜ መልሳ ከተተቻት።