መልስ እስኪመጣ
ኢንተርኔት የሚመጣበት የስልክ መስመር ከግድግዳው ተነቅሎ መንጠልጠሉን አልጋነሽ ያየችው፣ ልጇ ቤዛ ዛሬ ካልደረሰ የማይቀበሉትን የሥራ ፈተና ራሷ በሠራችው ፕሮግራም «ላክ» ካለች በኋላ ነበር። የሮማ ሰማይ ሲያጉረመርም መብረቅ ፈርታ የነቀለችው አልጋነሽ ራሷ ናት።

«ወይኔ ጉዴ! በገዛ እጄ እንጀራሽን ዘጋሁት።»

«አሎራ፣» አለች ቤዛ፣ እንደ ጣሊያኖቹ «እሺ እንግዲህ» ስትል፤ «እማ፣ ተረጋጊ። ፕሮግራሜ የዋይፋይ ምልክት ስላየ ብቻ ኢንተርኔት አለ ብሎ አያምንም። ሩቅ ያለ ኮምፒውተርን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ ፋይሉን ይዞ ይጠብቃል።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ! ሜትሮ ገባሁ ስልሽ መቼ በቅቶሽ ያውቃል? ደረስኩ እስክል ትደውያለሽ።»

ነጎድጓዱ ጋብ ሲል አልጋነሽ መስመሩን ሰካች። በቤዛ ኮምፒውተር ላይ «ደርሷል» የሚለው ቃል ብቅ ሲል እልል ማለት ነበር የቀራት። ከዚያ በሩን ቆለፈችና፣ እንደ ልማዷ፣ ዛሬ ግን ሳታፍር፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ እጀታውን ስባ ሞከረችው።