መብራት በጭብጨባ ሳይሆን በመጨባበጥ

የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ከተነቀሉ ወዲህ፣ መብራት ከቤት ወደ ቤት የሚያልፈው ጎረቤታሞች ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ሲጨባበጡ ነው። ዛሬ ግን የላይኛው ጎረቤቴ ጋሼ ደልነሳው እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁብኝ።

«ጋሼ፣ የጫጩት ማስፈልፈያዬ ውስጥ ስድሳ እንቁላል አለ! ነገ ነው የሚፈለፈሉት፤ ሊበርዱብኝ ነው!»

«ውሻዬ መቻል ሲሞት ለቅሶ ደርሰሃል?»

«ለውሻ?»

«እንግዲያው ራስህ ታቀፋቸው!»

ጫጩቶቼ ታዩኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጋሼ ደነገጡ።

«እንዲህ ትወደው ኖሯል? በቃ፣ እግዜር ያጥናህ» ብለው እጄን ጨበጡኝ። ማስፈልፈያው ከቤት ውስጥ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ግን እንዳይጠረጥሩኝ ማልቀሴን ቀጠልኩ።

ከወዲያኛው አጥር ታችኛዋ ጎረቤቴ እትዬ ብርዛፍ ጮኹ፤ «አንተ ልጅ! እንባ ለመጥረግ አንድ እጅ ይበቃሃል፤ ሌላውን ወዲህ በል!»